የክፍሉ ድምፅ

ግንቦት ነው፤ አዳማ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤
የእትዬ ወሰኔ ቤት ቆርቆሮው ይንጣጣል።
ሱራፌል ማይኩን ዘርግቶ ቢያዳምጥ፣
«ፍሪጁ ይነቀል፣ ይጮሃል ከድምፅ ውስጥ»
አለ። ነቀልነው። የመኪናዬን ቁልፍ ከወተቱ ጎን
አስቀመጥኩ፣ ሳንሰካው እንዳንሄድ ረስተን።

እናት ያወራሉ፤ ካሜራው ቀይ ዓይኑን አፍጦ፣
ስንቴ በር እንደተሰበረ፣ ምን ምን እንደሄደ ተሸጦ፤
ቴሌቪዥኑ፣ የሲዲሴ ዩኒፎርም፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፤
«ይህ ፍሪጅ የተረፈኝ ከብዶት ነው» ብለው ሳቅ ጀመሩ፣
አልጨረሱትም።

ጋሽ ለሜሳ ካሜራውን ሸሽተው፣ ተሳቢያቸው ጋ፣ ከደጅ፣
«ጫት ያስጀመርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ፣
«በጂቡቲ መንገድ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ፣
አብሮኝ ያመሽ ነበር፤ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ።
ይህን አትቅጂው።»
አልቀዳሁም።
እዚህ ግን ጻፍኩት፤ ምን ልሁን?

መጨረሻ ላይ ገመቹ መጣ፤
በሩ ጋ ቆመ፣ አልገባ አልወጣ።
«ሰዎች ያወሩኛል» አለ፣ በስም በስማቸው ጠራ፤
ሲዲሴ የጫማዋን ክር ፈታች፣ አሰረች፣
ፈታች።

ያኔ ሱራፌል «የክፍሉን ድምፅ ልቅዳ» አለ፣
«አንድ ደቂቃ ብቻ። ሁሉም ባለበት፣ እንዳለ።»
በኋላ ንግግር ተቆርጦ ሲሰፋ የሚለጠፍበት
የባዶ ቤት ድምፅ ነው፣ ሰዎች እያሉበት።

አባት መስኮቱ ስር፣ ሲዲሴ አልጋው ጫፍ፣
ከስንት ዓመት በኋላ አራቱ በአንድ ጣሪያ፣ ማንም ማንንም ሳይዘልፍ።
ባጃጅ አለፈ። ዝንብ። ቆርቆሮው ደግሞ ተንጣጣ።
«በቃ» አለ ሱራፌል።
የተነቃነቀ የለም።

ገመቹ ቀረበው፦ «እነሱም አሉበት፣ ከቀዳኸው?»
መልስ አልሰጠም፤ ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮው ላይ ደፋለት፣ «ስማው።»
ዓይኑን ጨፍኖ ደቂቃዋን ሙሉ ሰማ፤
እኛም እንደገና ዝም፣ የሚለውን ልንሰማ።

«እማዬ ትተነፍሳለች» አለ።
«አፍንጫዋ ተዘግቷል። ጉንፋን ይዟታል።»
ሌላ ምንም አላለም።

ማምሻውን ቁልፌን ፍለጋ ፍሪጁን ከፈትኩ፤
ወተቱ ሞቋል። ሰካሁት፤ ማጉረምረም ጀመረ፤ ይቅርታ ጠየቅኩ።
«ግድ የለም» አሉ እትዬ ወሰኔ፣ ብርጭቆ እያለቀለቁ፣
«እሱ ሞቅ ያለ ነው የሚወድ።»