ሐመሬ

ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ እኩሌታውን በባጃጅ፣
እኩሌታውን በእግሬ፣ ደረስኩ ከጋሽ ዘውገ ደጅ።
ግድግዳው ካብ ድንጋይ፣ በጓሳ ያደሱት ክዳኑን፣
ጎንበስ ያላለን እንግዳ፣ መቃኑ የሚል ግንባሩን።

የወንድሙ ልጅ ጌጤነሽ፣ ቁልፍ ከመቀነቷ ፈታ፣
ሃያ ብሬን ተቀብላ፣ አስገባችኝ በዝግታ።
ይህ አልጋው፣ ይህ ባናው ነው፣ ብል የጀመረው በዳሩ፣
ይህ ፋኖሱ፣ ይህ መነጽሩ፣ በክር የታሰረ እግሩ።
"አትንካ" ይላል ጠረጴዛው፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ፤
የጌጤነሽ ሰፌድ ግን፣ ተኝቶበታል ምስር አቅፎ።

ከጓሮ ቀስት ይነሳል፣ ነጭ ቀለም ድንጋይ ላይ፣
"ደራሲው ለሐሳብ የሄደበት" ይላል፣ ሰሌዳው ሲታይ።
ተከተልኩት።
አስታ፣ ጅብራ፣ ውርጭ ያረፈበት ጨፌ፣
ሣር በሚነጩ ጭላዳዎች፣ መሃል ለመሃል አልፌ፣
አፋፉ ላይ ካለው አግዳሚ፣ መጽሐፉን አወጣሁ ከእቅፌ።

ያቺ ገጽ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ያሰመርኩባት፣
ሰውየው ጉም ውስጥ ቆሞ፣ "ሐመሬ!" ብሎ የሚጣራባት።
መምህራችን ያኔ፣ "ሐመር መርከብ ነው በግዕዙ፣
ሰሙ መርከብ፣ ወርቁ አገር" ብለው፣ ጠመኔ ያዙ።
ከኋላ ወንበር ትርንጎ፣ "ጥላው የሄደች ሴት ናት" ብላ፣
ከአሥሩ ሁለት አገኘች፣ አለቀሰች ምሳ ሳትበላ።
እኔ መርከብ ብዬ፣ አሥሩን ደፈንኩ፤
ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በዚያች መርከብ ተሳፈርኩ።

ስመለስ ለጌጤነሽ ነገርኳት። ሳቋ አላስቆም አላት፤
"ሐመሬ? በቅሎው ናት እኮ! መልኳ ነው ስም ያወጣላት።
አግዳሚው ላይም አልዋለ፣ ማን ውርጭ ላይ ይቀመጣል?
ቀስቱ የወረዳ ነው፤ ቀለም የተረፈው ምን አያመጣል!
አንድ ክረምት ጉም ዋጣት። አርባ ቀን ሲጣራ ከረመ፤
ድምፁ ሲዘጋበት ጊዜ፣ በወረቀት ላይ ደገመ።"

ዝም አልኩ። ትርንጎ ያጣችው፣ ስምንቱ ነጥብ ትዝ አለኝ፤
ከሁላችን ለበቅሎዋ፣ እሷ የቀረበች መሰለኝ።

ከሰዓት ጉሙ ወጣ፣ ከገደሉ ሥር እየጨሰ፣
ጓሮውን፣ ቀስቱን፣ ሰሌዳውን፣ አንድ ባንድ እየላሰ።
ጌጤነሽ እንዳትሰማኝ፣ ዞር አልኩና ከካቡ ጀርባ፣
"ሐመሬ" አልኩ፣ አንድ ጊዜ፤
ድምፄ ሄደ፣ ጉም ውስጥ ገባ።

መዝገቡን ሰጠችኝ፣ ልወጣ ስል በሩ ጋ፤
"የመጡበት ጉዳይ" ይላል።
ጻፍኩ፦ በቅሎ ፍለጋ።