ለድንጋይ ዓምድ የለም

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሰባ አንደኛው ኪሎ፣
የመቂ ቲማቲም አንድ አይሱዙ አዝሎ
ወገቡን ተይዞ፣ ከጠርዙ ተጥሎ።
ጋራው ላይ የቆመው ባለ ሦስት ክንፉ
ነፋስ እየፈጨ መብራት ማሳለፉ፤
እኛ ግን ከታቹ
በአንድ የእጅ ባትሪ፣ እኔና ገመቹ።

«ሞተሩስ ብረት ነው፤
ቲማቲሙን እንጂ፣ ፀሐይ ሳይቀድመው!»
አለን ሾፌሩ ጂሎ፣ እጁን ግራሶ የዋጠው።
ረዳቱ ልጅ እግር፣ ካፖርት ውስጥ የሰጠመ፣
ሦስት ድንጋይ ደርድሮ፣ የግራር ቅርንጫፍ ከላይ አጋደመ፤
ራሱም እንደ አራተኛ ድንጋይ አጠገባቸው ቆመ።

ራዲያተሩ ጠጣ፣ ቺንጋው ተቀየረ፤
አይሱዙው አሳለ፣ ጢስ ተፋ፣ በረረ።
«መንገድ ይቅናችሁ» አለን፣ እኛን የማንሄደውን፤
ቀይ መብራቱ ራቀ፤ አዳማ ዋጠችው ጭነቱን።

ድንጋዮቹ ቀሩ።
ሁሌም ይቀራሉ።
የተጠገነ ሰው ኋላውን አያይም፤
ፊቱ ገበያ ነው፤ አልቀየመውም።

«ይነጋል፣ ግባ እንጂ» አለኝ ገመቹ፤
አፉ ነው፣ ልቡ አይደለም። ያውቃል።
አንዱን በደረቴ አቅፌ፣ ሁለቱን በእግሬ እያንከባለልኩ
ቦዩ ውስጥ ጣልኩ።
አባቴን በክረምት፣ በአሮጌው ጎዳና፣
እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው ያስቀረብን፤ ጥሎት የሄደው መኪና
በሰላም ገብቷል።

መዝገቡን ሞላሁት፦ «ውኃ፣ አንድ ቺንጋ፣ አርባ ደቂቃ።»
ለድንጋይ ዓምድ የለም።
አፈሩን ከእጄ ላይ አራገፍኩ፤ አዳማም ልትነቃ።