ሞላው እንደ ሞላ

ጥቅምት ነበር ወሩ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
ፉርት ከተማ ዳር፣ ከወንዙ ሜዳ፣
አሮጌ ዕቃ ሻጮች ከዘረጉት ተርታ
አንዲት ባልቴት አየሁ፣ ጥጓን ይዛ ረግታ።
የጫማ ካርቶን ውስጥ በጎኑ ተቀምጦ
የቆርቆሮ ባቡር፣ ዝገት ቀለሙን ልጦ፤
አንድ ጎታች፣ ሁለት ፉርጎ፣
ስድስት ቁራጭ ሐዲድ፣ አንዱ ጫፉ ጎብጦ።

«ይሄዳል?» አልኳት።
«የወንድሜ ነበር፤ የፎልክማር» አለችኝ።
«ይሄዳል ወይ?» አልኩ ደግሜ።
«ቆሟል። ከቆመ ቆየ።»

ሠላሳ ዩሮ ሰጠኋት፤ አልተከራከርንም።
ሳልጠይቃት ስሟን ከካርቶኑ ክዳን ላይ ጻፈች፣
ሂልትሩድ፣ ከሥሩ ስልክ፤
እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሰባቷ አንድ ትመስላለች።

እኔ ጡረተኛ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት
የትራም ፍሬን ስጠግን፣ ዘይት ስታጠብበት፤
ዛሬ ምድር ቤት ወርጄ፣ ከቦይለሩ ጥግ፣
ተሳፋሪ የሌለው ጣቢያ አለኝ፣ ትንሽዬ።
ሚስቴ «መቃብር ቤት» ትለዋለች፣
እኔ «ሆስፒታል» እላለሁ፤
እንደ ቀኑ ነው።

በእኛ ሙያ ጠብ አለ፣ የማይበርድ፣ የከረረ፤
ግማሹ «ቀባው፣ ይብራ፣ ይምሰል ዛሬ የተሠራ»፣
ግማሹ «አትንካው፣ ጭረቱም ይኑር ከነአሻራ»።
እኔ ከቀቢዎቹ ወገን ነበርኩ።
ያን ማታም ቀይ በጥብጫለሁ።

መጀመሪያ ፉርጎውን፦
የቆርቆሮ ምላሶቹን አንድ በአንድ አቃንቼ፣
ጣሪያውን ብገለብጠው መብራቴን አብርቼ፣
ከውስጥ በኩል ላም አለች።
ግማሽ ላም፤ አንድ ዐይን፣ አንድ ቀንድ፣
«ወተት» ከሚለው ቃል የተቆረጠ ፊደል።
ከጦርነቱ ማግስት ፋብሪካው ብረት ሲያጣ
የወታደር ስንቅ ጣሳ ገልብጦ ባቡር አወጣ፤
የጠጣው ጠጥቶ ለልጅ የተረፈው
ይኸው ጣሪያ ነበር፣ ላሟ የምትጠብቀው።

ቡሩሼን ታጥቤ ሰቀልኩት።

ከዚያ ጎታቹን ፈታሁ።
ከጥርሶቹ መሃል፣ ከትንሿ ጎማ ላይ፣
ሰማያዊ የሱፍ ክር ተተብትቧል፣ ጠብድሎ።
ላምባ ጠብ አደረግሁ፤ በወረንጦ ያዝኩት፤
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ በቀስታ ሳብኩት።

አንድ ጀማሪ እንኳ አስቀድሞ ይነካል ቁልፉን፣
«ሞልቷል ወይስ ላልቷል?» ብሎ ይፈትሻል ሆዱን።
እኔ ግን ማን ጠርጥሮ! ሰባ ዓመት አልፎ፣
ሞላው እንደ ሞላ፣ የልጅ ጉልበት አቅፎ፣
ቤት ሲፈርስ ቤት ሲሠራ፣ ገንዘብ ስሙ ሲቀየር፣
በካርቶን፣ በጨለማ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ክሩ ሲወጣ ጮኸ።
ጎማዎቹ በአየር ላይ፣ መዳፌ ውስጥ፣ ያለ ሐዲድ
ዞሩ፣ ዞሩ፣ ዞሩ፤
ፎልክማር እስከ ጥጉ አዙሮ የተወው ቁልፍ፣
ያ ቀጭን ክንድ፣ ያ ያልተሄደ መንገድ፣
ከጣቶቼ መሃል አለቀ።
ጠረጴዛው ላይ እንኳ አላወረድኩትም።

መልሼ ብሞላው ይሞላል፤ ሞላው ደህና ነው።
ግን የሚሞላው የእኔ ነው፣
የቁርጥማታም ሽማግሌ ጉልበት።
የእሱን ከየት አምጥቼ?

ካርቶኑን አንሥቼ ደወልኩ።
ሰባቷን አንድ ብዬ መጀመሪያ የሰው ቤት ገባሁ፤
ሁለተኛው ላይ አነሣች።
ሁሉንም ነገርኳት፣ ሳልቆርጥ።
ከኋላዋ ራዲዮ የአየር ጠባይ ያወራል።
«ክሩ ሰማያዊ ነው?»
«ሰማያዊ።»
«የእኔ ሹራብ ነው። ሲያስነካኝ እምቢ ብሎ፣
ለራት ሲጠሩት ጠብቄ፣ እጄን ሰደድኩ በሆዱ።
ሦስት ቀን አለቀሰ። ሌላ ሰው ነው አልኩት።
እስኪሞት ሌላ ሰው ነው እንዳልኩት።»

ራዲዮው ጠፋ።
«ስንት ዞረ?» አለችኝ።

አልቆጠርኩም ነበር።

«ብዙ» አልኳት።