በትዕዛዝ ላይ

ከሄርማታ ወርዶ፣ ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣
በሩ ቆርቆሮ፣ ጣራው በላስቲክ ተጋርዶ፣
የጣሂር አባ ፎጊ ቶርኖ ቤት አለች፤
ቀን ብረት ታኝካለች፣ ማታ ዘይት ትሸታለች።

የአጋሮ ቡና ማጠቢያ ፓምፕ፣ የዴዶ ወፍጮ ዘንግ፣
ሁሉ ስባሪውን ታቅፎ ይቆማል ከበራችን ጥግ።
እኔ ብናኝ ጠራጊ፣ መፍቻ አቀባይ ነኝ፤
እሱ ለክቶ ዝም ባይ፣ ሲመሽ ብቻ የሚያናግረኝ።
ወለሉን «ደርብ» ይለዋል፣ በሩን «ወደብ»፤
ዶፍ ሲያወርደው ይስቃል፦ «ይሄ ደግሞ ዝናብ?»

ከላይ መደርደሪያ፣ በጥይት ሣጥን ውስጥ፣
ማንም እንዳይነካው፣ ማንም እንዳይገልጥ፣
ባለ ስድስት ክንፍ ነሐስ በግሪስ ወረቀት ተጠቅልሎ ይተኛል።
«የምንድን ነው?» ስለው አንድ ክረምት፣ ማሽኑን አጥፍቶ እንዲህ ይለኛል፦

«የመርከብ ነው። ሌላ መርከብ ሲቆስል የምትደርስ፣
ከተቀደደ ሆድ ባሕሩን ጠጥታ ለባሕር የምትመልስ።
የፓምፗን ክንፍ ጨው በላው። ሞዴል ሃያ ሞላሁ፣
በሦስት ቅጂ አስፈረምሁ፣ ማኅተም አስመታሁ።
ኅዳር ግምጃ ቤት ሄድሁ፦ በትዕዛዝ ላይ ነው።
ጥር ሄድሁ፦ በትዕዛዝ ላይ ነው።
ሹሙ ጥፍሩን እየሞረደ ነው የሚመልሰው።

አንድ ሌሊት ከዳህላክ ወዲያ ሬዲዮ ጮኸብን፤
ጨው የጫነች፣ አሥራ አንድ ሰው የያዘች፤ በአንድ ሰዓት ደረስን።
ሞተራችን ደህና፣ ገመዳችን ደህና፣ መብራታችን ደህና።
ስምንቱን አወጣን። ሦስቱ ከታች፣ ከሞተሩ ክፍል ቀሩና፣
በሩን ውሃ ደግፎት፣ ከውስጥ በመዶሻ ይመቱ ነበር።
ፓምፑን አስነሣሁት፤ ዞረ፣ ዞረ፤ የዋጠው አየር።
ይመቱ ነበር።

ክንፉ መጣ፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን። ፈርሜ ተረከብሁ።
ጦሩ ሲበተን ሻንጣዬን ምፅዋ ጥዬ፣ እሱን ታቅፌ ጅማ ገባሁ።»

አምና፣ ነሐሴ ላይ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ጉድጓድ ሲቆፍር፣
ምስባህን እስከ ደረቱ ዋጠው አፈር፤
ከሥሩ ውሃ ይመጣል። ሰዎች ፓምፕ ተሸክመው እየሮጡ መጡ፣
ክንፉ ሦስት ቦታ የተሰበረ፤ ቃል ሳይወጣቸው በሩ ላይ አስቀመጡ።
ጣሂር አየው። መሰላል ወጣ። ሣጥኑን አወረደ።
ለካ፤ አራት ሚሊ ይተርፋል። ቶርኖው ላይ ሲያስረው እጁ ራደ።
«ሌላ የለም እንዴ?» አልኩት፣ ሳሳሁለት።
«በትዕዛዝ ላይ ነው» አለና ማሽኑን ለቀቀበት።

ፓምፑ ጠጣ። ጭቃውን፣ ጠጠሩን፣ ሁሉን ጠጣ።
ምስባህ መግሪብ ሲቃረብ በገመድ ታስሮ ወጣ፤
ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ የመጀመሪያ ቃሉ
«አካፋዬስ?» ነበር፤ እናቱ በጥፊ አለችው፣ ሳቁ ሁሉ።

ጣሂር አልመጣም። ስደርስ መብራቱን አጥፍቶ፣
የነሐሱን ብናኝ እፍኝ እፍኝ በወረቀቱ ከቶ፣
ባዶውን ሣጥን ጉልበቱ ላይ አኑሮት ነበር።
«ወጣ?»
«ወጣ።»
በመዶሻው ጫፍ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ መታ፤
ጆሮውን አስጠግቶ ጠበቀ፣ አንድ አፍታ።