ሃያ አምስት ወንበር

ጸሐፊዋ ዴኪ ደንቡን ይዛ መጣች፤
"ዶፑ፣ ነገ ጠዋት ሁለቱ ምክር ቤቶች
ባንድ ይቀመጣሉ፤ ሃያ አምስት ወንበር
ከማዶው አዳራሽ ወደዚህ አሻግር።"

አሻገርኩ። ወንበሩ የዝግባ እንጨት ነው፣
ጀርባው ላይ ዘንዶ አለ፣ ጣት የሚነክሰው።
መቶ አርባ እርምጃ ነው ካንዱ በር እስካንዱ፤
ሃያ አምስቴ ሄድኩት፣ ዳገት ሆነ መንገዱ።

ደንቡን ታነባለች እኔ ስደረድር፦
"ባንድ ነገር ላይ ማንም ሁለቴ አይናገር፤
ካዳራሹ ከተገኙት ከሦስት እጅ ሁለቱ
ካልደገፉት በቀር፣ ረቂቁ ያው ሞቱ።"
"እኔስ?" አልኳት ስቄ።
"አንተማ ድምፅ የለህም፤
ወንበር ስትጎትትም ድምፅ አልፈቅድልህም።"

ጠባቸው ባንድ ቃል ነው፣ አንቀጽ ስድስት ላይ።
ተራራ ሲናድ፣ መንደር ሲቀበር ከላይ፣
"መንግሥት ቤት መሥራት ይችላል" ነው ያንዱ ጽሑፍ፤
"አለበት" ነው የሌላው።
ወረቀቱ ሁለት ክረምት ሲመለስ ሲከንፍ።
ሁለት ቤት እያለው ቤት ያልመታ ግጥም
እንዲህ ያለው ሕግ ነው፤ ቢያነቡት አይጥም።

እህቴ ዠምጋንግ ናት። ሐምሌ ላይ ያ ጭቃ
ወሰደው ጓዳዋን፣ ሳትወጣ፣ ሳትነቃ፤
አይ፣ እሷስ ወጥታለች፤ ላሟ ነች የቀረች፣
ከብርቱካኑ ሥር እንደታሰረች።
አሁን ድንኳን ውስጥ ናት። በደወለች ቁጥር
"የትኛው ቃል አለፈ?" ነው፤ ሌላ የላት ነገር።

ነጋ። ሰማያዊ ካብኔ ትከሻ ላይ ጥለው
ገቡ ሰባ አንዱ፣ ቦታ ቦታ ይዘው።
አንዱ ወንበር ባዶ፤ የለንዱፕ፣ የዠምጋንጉ፣ የኛ ሰው።
መንገድ ተንዶበት
ከዶዘሩ ኋላ፣ ጭቃ ውስጥ ነው የዋለው።

እስከ ቀትር አወሩ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ
ነጭ ካብኔዬን ይዤ፣ ከንፈሬን ገጥሜ።
"ቁልፉን ተጫኑ" አለ አፈ ጉባኤው።
ሰሌዳው በራ፦ አርባ ሰባት ድጋፍ፣ ሃያ አራት ተቃውሞ።
ዴኪ እርሳስ አነሣች፣ አካፈለች ደግሞ፦
ከሰባ አንድ ሰው አርባ ስምንት ይሻል።
አንድ ብቻ ጎድሏል፤ ረቂቁ ወድቋል።

ለንዱፕ ቢኖር ኖሮ፣ አርባ ስምንት ከሰባ ሁለት፣
ልክ ከሦስት እጅ ሁለት። ከዚያ ወዲህ ስሌት
እጠላለሁ።
ሻይ ቀረበ፤ ብስኩትም ነበረ።
"ይችላል"ም "አለበት"ም ባንድ ተቀበረ።

ማታ ወንበር መለስኩ፤ ባዶውን ከሁሉ ኋላ።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፣ ቆመ፣ ነዘረ።
አላነሣሁም።

በሦስተኛው ቀን ለንዱፕ መጣ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣
ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚት የኛ አገር ጭቃ።
"የኔ ወንበር የት ነበር የቆመው?" አለኝ።
ምንጣፉን አሳየሁት። ሃያ አራት ወንበሮች
አራት አራት ጉድጓድ ትተዋል፤
የሱ ቦታ ለጥ ያለ ነው።
ሄደና ቆመበት። ምንም አላለም።

ሲወጣ ዴኪ አየችው ምንጣፉን፣
"ዶፑ፣ ጭቃውን ጥረገው እንጂ" አለችኝ።
"ነገ" አልኳት።