ዋስ

ሥራዬ ቁጥር ነው፤ ግራና ቀኝ አምድ፣
የወጣ፣ የገባ፣ ሁለት ቀጭን መንገድ።
ሌርዊክ ወደብ ዳር ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣራ፣
ለላውሪ ኢንክስተር ስቆጥር ኪሳራ
አሥራ ስምንት ክረምት።

አምና በያጃችን ዓይኑ ደከመና፣
መነጽሩን ሰቅሎ ጡረታ ወጣና፣
ማስታወቂያ ለጠፍን፤ ሰባት ወር ጠበቅን፤
አንድ ልጅ መጥቶ ነበር፣ ዝናቡን አየና ባሥረኛው ቀን ናቀን።
ላውሪ ታዲያ፦ «ኢሎኢሎ ከሚሉት ወደብ አንድ ሰው አለ አሉኝ፣
እጁ የተመሰገነ፣ ሮዴልዮ የሚባል፤ ወረቀት ጀምሪልኝ።»

ጀመርኩ። በቅጹ ላይ የኛ ስም «ዋስ» ይላል።
የድሮ ዋስ የሚከፍል ባለዕዳው ሲጠፋ ነበር፤
የዛሬው ይከፍላል፣ ሰውየው ገና ሳይሳፈር።
መጀመሪያ ለፈቃድ፣ ቤታችን የታመነ ነው እንዲባል፤
ቀጥሎ ለምስክር ወረቀት፣ በስሙ አንድ ቁጥር ይወጣል፤
ከዚያ «የክህሎት» የሚሉት፣ በየዓመቱ የሚባዛ ግብር፣
የአገሩን ልጅ ሙያ ባለማስተማራችን እንደ መቀጮ የሚቆጠር፤
ከዚያ ለሐኪም ቤት፣ ገና ላልያዘው ጉንፋን፤
ከዚያ ለአበርዲኗ ጠበቃ፣ «እንደምን አደራችሁ» ስትል እንኳ ደቂቃ ለምትቆጥርብን፤
ቶሎ እንዲያልቅ ደግሞ ሌላ። መፍጠንም ይሸጣል።

ደመርኩት። ደገምኩት። እርሳሴን ቀርጬ እንደገና ደመርኩት።
ላውሪ አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው።
በሳምንቱ «ከሽያጭ» የሚል ገንዘብ በቀኝ በኩል ገባ፤
የምን ሽያጭ አልልም፤
በመስኮት ትታያለች የጎደለችው ጀልባ።
ሱኒቫ ትባል ነበር። የሟች ወንድሙ ናት።

ሮዴልዮ በሚያዝያ መጣ፤ ስስ ጃኬት ለብሶ፣
ፖስታ አኖረ ጠረጴዛዬ ላይ፣ አንገቱን ቀልሶ።
«ሕጉ ይከለክላል» አልኩና ገፋሁት፤ «ይህ የአሠሪ ዕዳ ነው።»
ፈገግ አለ። የራሱን ዕዳ ያኔ ነው የሰማሁት፦
የአባቱ ጎሽ ተሸጦ፣ እኅቱ ባራጣ ተበድራ፣
ለቋንቋ ፈተና፣ ለሳንባ ምርመራ።
እዚህ ጀልባ፣ እዚያ ጎሽ።
ለጎሽ የሚሆን አምድ የለኝም።

«ላውሪ ሰው ገዛ» አሉ መጠጥ ቤት ያሉ፤
ማን ማንን እንደገዛ መጥተው ባስተዋሉ፦
ሽማግሌው መብራት ይዞ፣ ከብልጭታው ዓይኑን ሸሽጎ፣
«ወዲህ» ሲባል ወዲህ፣ «ወዲያ» ሲባል ወዲያ።

በጥቅምት ሱኒቫን አመጧት፤ ቀለሟ ሌላ፣ ስሟ ሌላ፣
ሆዷ ተሰንጥቆ።
ሮዴልዮ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ዋለ። ማታ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣
«ጥሩ ጀልባ ናት፤ የማን ናት?» አለ።
«የደንበኛ» አለ ላውሪ።

ሒሳቡን ሠራሁ፦ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሽቦ፣ ጋዝ።
ቅናሽ አልጻፍኩም።
ፈቃዱ የሚታደስበትን ዓመት አዲስ ገጽ ከፍቼለታለሁ፤
ግራው ከወዲሁ ሞልቷል።
ለቀኙ መስኮቱን አያለሁ፤
የላውሪ አሮጌ መኪና ብቻ ቆማለች፣
አንድ መብራቷ የማይበራ።