ዱካ

በአንደኛው ዓመቴ ኩብ ሥሪ ተባልኩኝ፣
ከጫማ ካርቶን ላይ ስድስት ፊት ቆረጥኩኝ፤
በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ማንም አይገባበት፤
መምህሩ «ንጹሕ ነው» ብሎ ሰባ አምስት ጻፈበት።

በሁለተኛው ዓመት ቤት ነደፍኩ ለዳገት፣
ደሴን ቁልቁል የሚያይ ከጦሳ ተራራ አንገት፤
የታችኛው ጣራ ለላይኛው ግቢ፣
ጉሙ እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ገቢ።

ሦስተኛው መናኸሪያ፤ ሦስት ሳምንት ሳልተኛ፣
ጣራው ባለ ክንፍ፣ ምሰሶው ብቸኛ፤
እናቴ ለሱብሒ ስትነሳ ታየኛለች፣
የደረቀ ሙጫ ከጸጉሬ ላይ በጥፍሯ ትፍቃለች፣
«ያንቺስ ቤት ገና ሳይሠራ ሰው በላ» ትላለች።

የግምገማው ቀን
መናኸሪያዬን ታቅፌ ሚኒባስ ገባሁ።
ረዳቱ አየኝ፤ ጣራውን በጣቱ ነካ።
«ይሄ ሂሳብ አለው፤ የሰው ቦታ ይዟል ለካ።»
የሁለት ሰው ከፈልኩ፣ ለእኔና ለመናኸሪያው፤
ሹፌሩ ሳቀ፦ «መናኸሪያ ተሳፍሮ ሲሄድ አየን፣ ይኸው!»

ሐረጎን ስንወርድ፣ ጥምዝምዙ መሐል፣
ከጎኔ እመት ሉባባ፦ «ልጄ፣ ይሄ ምን ይባላል?»
ነገርኳቸው። መነጽራቸውን በነጠላቸው ወለወሉ፣
ከጣራው ሥር በዓይናቸው ገቡ፤ ዞሩ፣ ቆሙ፣ አስተዋሉ።
«እና መቀመጫውስ?» አሉ።
«አሮጊት የት ታርፋለች መኪና ስትጠብቅ?
እኔ ዛሬ ሸዋ በር ጉልበቴ እስኪከዳኝ ነው የቆምኩት።»

ምን ልበል?
አርባ የካርቶን መኪና፣
ከክብሪት እንጨት የበቀሉ ዛፎች፣
ከመርፌ የማይበልጡ ነጫጭ ሰዎች፤
ሁሉም ቆመዋል።
ሁሉንም አቁሜ ነው የሠራኋቸው።

ገምጋሚዎቹ ስለ ነፋስ ጠየቁ፣ ስለ ፀሐይ አቅጣጫ፤
ማንም ትንፍሽ አላለ ስለ መቀመጫ።
ሰማንያ ስምንት አገኘሁ። ሞዴሉ መደርደሪያ ላይ ቀረ፤
የመጀመሪያ ተሳፋሪው አቧራ ነበረ።

ክረምት ላይ ከሆጤ በታች፣ ጋሽ ሙሄ አናጢው ቤት ሄድኩ።
ስንት ፎቅ በነደፈ እጄ መላጊያ መያዝ አቃተኝ።
«ወረቀቱን ተይው» አሉኝ፤ «ዋንዛው የራሱ መንገድ አለው፣
ጅማቱን በመዳፍሽ ዳብሽው፣ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂው።»

አራት እግር ሠራሁ። ደጅ አወጣሁት፣ ዝናብ ካራሰው አፈር፤
ተወላገደ።
አንዱን እግር አሳጠርኩ፤ ሌላው ረዘመ፤ እሱንም ቆረጥኩ፤
እንዲህ እንዲህ እያልኩ የተማርኩትን ሁሉ ጨረስኩ፣
መቀመጫውን ከመሬት አደረስኩ።

ጋሽ ሙሄ ሳቁ፤ የተረፈች አንዲት የፊት ጥርሳቸው ታየች።
«ደሴ ደልዳላ መሬት አላት ብሎ ማን ነገረሽ?
ለዳገት ልጅ ዱካ ነው፣ ሦስት እግር ይብቃሽ፤
የትም ብታኖሪው መሬቱን ያገኛል፣
አራተኛው እግር ለሜዳ ሰው ይሆናል።»

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ፎቅ እኮ በአንድ ሌሊት እስላለሁ።

መስከረም ሲጠባ፣ ኮምቦልቻ ልወርድ፣
ሸዋ በር አወጣሁት፣ ከሰልፉ ዳር፣ ከመንገድ፤
ተውኩት። የማነው ያለኝ የለም። ምንድነውም ማንም አላለ፤
አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው
ቁጭ አሉ፣ እንደ ቤታቸው፣ እንደ ነበረ፣ እንደ ኖረ።
«ሂሳብ!» አለኝ ያው ረዳት፤ በእቅፌ የሚያየው ዕቃ ሲጠፋው ዓይኑ ዞረ።
«የአንድ ሰው ነው» አልኩት፤ «እሱ ወርዷል።»

በወሩ ስመለስ የለም።
ቆሎ ሻጯን ጠየቅሁ፣ ሊስትሮውን ጠየቅሁ፣
«ዱካዬ የት ደረሰ?» ብዬ፣ ሲስቁብኝ ደነገጥሁ።
«እኛን ትጠይቂያለሽ?» አለች ቆሎ ሻጯ፤
«ዱካ የሚተው ሰው ነው፣ የሚያገኘው ሌላ።»

አራተኛ ዓመት ገባን። ሆስፒታል ንደፉ ተባልን፣ መቶ ሃያ አልጋ፤
እኔ መጀመሪያ የሣልኩት የአስታማሚ መቀመጫ ነው፣
ከበሩ በስተግራ፣ ዝናብ የማያገኘው ጋ።